የኤ-ሲሪየስ የውድድር ሞተር የቫልቭ አንቀሳቃሽ ክፍሎች አመራረጥና አገጣጠም

የብሪታንያው ቢኤምሲ ኤ-ሲሪየስ ሞተር እ.ኤ.አ. በ1951 በኦስቲን ኤ30 ላይ በ803 ሲሲ መጠን ሥራ ሲጀምር የታሰበው ለቤተሰብ መኪና እንጂ ለውድድር አልነበረም። ያም ሆኖ ይኸው ሞተር አድጎና ተሻሽሎ ሚኒ ኩፐር ኤስን በ1964፣ በ1965 እና በ1967 ለሞንቴ ካርሎ ራሊ አሸናፊነት አብቅቷል፤ ዛሬም በአውሮፓ የታሪካዊ መኪኖች ውድድር በብዛት ከሚሰለፉት ሞተሮች አንዱ ነው። ይህ መመሪያ የ1275 ሲሲውን ሞተር ለትራክ ውድድር የሚያዘጋጅ ሰው ቫልቮቹን የሚያንቀሳቅሱትን ክፍሎች በምን ቅደም ተከተል መምረጥ፣ መለካትና መግጠም እንዳለበት ያስረዳል።

ከሁሉ በፊት ቅደም ተከተሉን መጠበቅ ያስፈልጋል። ብዙ ሰው በቅድሚያ ኃይለኛ የሚባል ካምሻፍት (በጉብታዎቹ ቫልቮቹን የሚያስከፍት ዘንግ) ይገዛል፤ ከዚያም ቫልቩ ከካሙ ተለይቶ እንዳይንሳፈፍ በመስጋት በገበያ ላይ ያለውን ጠንካራ ስፕሪንግ ይጨምርበታል። ከጥቂት ውድድር በኋላ የሚበላው የካም ጉብታ፣ የሚጎብጠው ፑሽ ሮድና የሚሰነጠቀው ሮከር አብዛኛውን ጊዜ የዚህ አካሄድ ውጤት ናቸው። እዚህ የሚቀርበው አሠራር የተገላቢጦሽ ነው፤ መጀመሪያ ከፍተኛው የሞተር ዙር ይወሰናል፣ ቀጥሎ ክፍሎቹ ይቀልላሉ፣ አቀማመጣቸው ይስተካከላል፤ ስፕሪንግ የሚመረጠው በስተመጨረሻ ነው። መመዘኛውም ቫልቩን እስከ ተወሰነው ዙር ድረስ ለመቆጣጠር የሚበቃው ዝቅተኛ ኃይል ነው።

በዚህ ሞተር ካምሻፍቱ የሚገኘው በብሎኩ ውስጥ ነው። የካሙ ጉብታ ታፔቱን ወደ ላይ ይገፋል፣ ታፔቱ ፑሽ ሮዱን፣ ፑሽ ሮዱ የሮከሩን አንድ ጫፍ ያነሳል፤ የሮከሩ ሌላኛው ጫፍ ደግሞ ቫልቩን ወደ ታች ተጭኖ ይከፍታል። ስፕሪንጉ ይህን ሁሉ ሰንሰለት መልሶ ካሙ ላይ የማሳረፍ ሥራ አለበት። ስለዚህ ከእነዚህ ክፍሎች አንዱን ለብቻው መለወጥ የሌሎቹን ሁሉ ሥራ ይለውጣል።

ደንቡንና የሞተሩን የዙር ጣሪያ መወሰን

አንድም ዕቃ ከመግዛትዎ በፊት መኪናው የሚሰለፍበትን ምድብ ደንብ ያንብቡ። በዓለም አቀፉ የአውቶሞቢል ፌዴሬሽን፣ በኤፍአይኤ፣ ሥር የሚካሄዱ ታሪካዊ ውድድሮች የሚመሩት አባሪ ኬ በተባለው ደንብ ሲሆን፣ መሠረቱ መኪናው በዘመኑ በነበረው የቴክኒክ ይዞታ እንዲወዳደር ማድረግ ነው። ለምሳሌ በ1964 የተሠራ ኩፐር ኤስ ከ1962 እስከ 1965 ባለው ዘመን ውስጥ ይመደባል፤ የቴክኒክ ፓስፖርቱም የቫልቮቹን ዲያሜትርና ሌሎች ልኮችን ይዘረዝራል። ዛሬ በየሱቁ የሚሸጡት ባለ ሮለር ጫፍ ሮከሮችና ከፍተኛ ንጽጽር ያላቸው (ቫልቩን ከመደበኛው አብልጠው የሚከፍቱ) ሮከሮች በብዙ ምድቦች ላይፈቀዱ ስለሚችሉ፣ የውድድሩን ቴክኒካል ኃላፊ በጽሑፍ ሳይጠይቁ አይግዟቸው።

የዙር ጣሪያውን በወረቀት ላይ ይጻፉ። ይህ ቁጥር ከማንኛውም ዕቃ ይልቅ ወጪን ይወስናል፤ ምክንያቱም ስፕሪንጉ ሊቋቋመው የሚገባው የክፍሎቹ የእንቅስቃሴ ኃይል የሚያድገው በዙሩ መጠን ሳይሆን በዙሩ ስኩዌር ነው። በደቂቃ ከ6,000 ዙር ወደ 7,500 ዙር ሲሄዱ ዙሩ የሚጨምረው በ25 በመቶ ብቻ ሲሆን ኃይሉ ግን በ56 በመቶ ያድጋል። በእኔ አስተያየት ለመጀመሪያ ጊዜ ሞተር የሚያዘጋጅ ሰው ጣሪያውን 7,000 ላይ ቢያቆም የሚያጣው ጥቂት፣ የሚያተርፈው ግን ብዙ ነው።

ካምሻፍቱን መምረጥ

ከዘመኑ የቢኤምሲ ካምሻፍቶች መካከል ዛሬም ድረስ በብዛት የሚሠራባቸው ሁለቱ 731 እና 649 በሚሉት ቁጥሮች የሚታወቁት ናቸው። 731 ቫልቮቹን ለ268 ዲግሪ የክራንክሻፍት ዙር ያህል ክፍት አድርጎ ያቆያል፤ ለራሊና ለፈጣን የመንገድ መኪና ተስማሚ ሆኖ ቆይቷል። 649 ደግሞ እስከ 300 ዲግሪ ይደርሳል፣ ሙሉ የውድድር ካምሻፍት ነው፤ በመደበኛው ሮከር ቫልቩን ወደ 10 ሚሊሜትር ገደማ ያነሳል፤ በዝቅተኛ ዙር ግን ሞተሩ ደካማና ያልተረጋጋ ይሆናል።

በዚህ ምርጫ ላይ የሞተሩን ልዩ ጠባይ ማወቅ ያስፈልጋል። የኤ-ሲሪየስ ቴስታታ (ቫልቮቹን የሚይዘው የሞተሩ የላይኛ ክፍል) አምስት ቀዳዳ ብቻ ነው ያለው፤ አንደኛውና ሁለተኛው ሲሊንደር በአንድ የመግቢያ ቀዳዳ፣ ሦስተኛውና አራተኛው በሌላ አንድ ቀዳዳ ይተነፍሳሉ፤ የመካከለኛዎቹ ሁለት ሲሊንደሮች የጭስ መውጫም አንድ ነው። የእሳት አሰጣጡ ቅደም ተከተል 1-3-4-2 በመሆኑ በአንድ ቀዳዳ የሚጠቀሙት ሁለት ሲሊንደሮች የመሳብ ምታቸው በ180 ዲግሪ ብቻ ይለያያል። እንግዲህ ካምሻፍቱ ቫልቩን ለ300 ዲግሪ ክፍት ካቆየው ሁለቱ የመግቢያ ቫልቮች ለ120 ዲግሪ ያህል አብረው ክፍት ይሆናሉ፣ ኋላ የተከፈተው ሲሊንደርም ቀድሞ የተከፈተው ሊወስደው የሚገባውን ድብልቅ ይሻማዋል። እያንዳንዱ ሲሊንደር የራሱ ቀዳዳ ባለው ሞተር ላይ ረጅም ካምሻፍት የሚያስገኘው ጥቅም እዚህ ሙሉ በሙሉ የማይገኘው በዚህ ምክንያት ነው። ለትራክ ብቻ ካልሆነ በቀር 649ን ከመምረጥ የ731ን ደረጃ መርጦ ቀሪውን ጉልበት ለቴስታታው ሥራ ማዋል የተሻለ ነው እላለሁ።

ካምሻፍቱን ከማዘዝዎ በፊት የኋላ ጫፉን ይመልከቱ። የዘይት ፓምፑን የሚያዞረው ይኸው ጫፍ ሲሆን፣ በዘመኑ ልዩነት የተነሳ በፒን፣ በኮከብ መሰል ማያያዣ ወይም በስንጥቅ የሚሠሩ ሦስት ዓይነቶች አሉ። ካምሻፍቱና ፓምፑ ካልተዛመዱ ሞተሩ ያለ ዘይት ግፊት ይነሳል። ካምሻፍቱን የሚያዞረውም ባለ ሁለት ረድፍ ካቴና ይሁን፤ ነጠላው ካቴና በውድድር ዙር ቶሎ ይለጠጣል፣ ካቴናው በተለጠጠ ቁጥር ደግሞ በጥንቃቄ ያስተካከሉት የቫልቭ ጊዜ ወደ ኋላ ይቀራል።

ታፔቶች

አዲስ ካምሻፍት ያለ አዲስ ታፔት አይገጠምም። ይህ ደንብ ልዩ ሁኔታ የለውም። የታፔቱ የታችኛው ፊት ጠፍጣፋ ይምሰል እንጂ በጥቂቱ የጎበጠ ነው፤ የካሙ ጉብታም ወደ አንድ ጎን በጥቂቱ ያዘነበለ ስለሆነ ሁለቱ ሲነካኩ ታፔቱ ቀዳዳው ውስጥ ቀስ እያለ ይሽከረከራል። ይህ መሽከርከር ከቆመ ጉብታው በአንድ መስመር ላይ እየተፋቀ በአጭር ጊዜ ያልቃል። ስለዚህ እያንዳንዱ ታፔት በራሱ ክብደት ቀዳዳው ውስጥ የሚወርድ መሆኑን በዘይት ቀብተው ይፈትሹ፤ ያገለገለ ካምሻፍት መልሰው የሚገጥሙ ከሆነም ታፔቶቹ በነበሩበት ጉብታ ላይ እንዲመለሱ ከመጀመሪያው ቁጥር ይስጧቸው። የታፔቱና የካምሻፍቱ ብረት ጥንካሬ መጣጣም ስላለበት ሁለቱንም ከአንድ አቅራቢ መግዛት አስተማማኝ ነው።

አንዳንዶቹ ብሎኮች በጎናቸው የታፔት ክዳን አላቸው፤ ኋላ የመጡት ኤ-ፕላስ ብሎኮች ግን የላቸውም። ክዳን በሌለው ብሎክ ላይ ታፔት ለመለወጥ ካምሻፍቱ መውጣት ስላለበት፣ ታፔቶቹን ከካምሻፍቱ በፊት ብሎኩን ገልብጠው ማስገባትዎን አይርሱ።

ፑሽ ሮድና ሮከር

ሥራው የሚከብደው እዚህ ላይ ነው፤ ብዙ ጊዜ የሚዘለለውም ይኸው ክፍል ነው።

መደበኛው ሮከር በስሙ 1.25 ለ1 ንጽጽር አለው፤ ካሙ ታፔቱን 8 ሚሊሜትር ቢያነሳ ቫልቩ 10 ሚሊሜትር ይከፈታል ማለት ነው። ይሁንና በስም የተጻፈው ንጽጽርና ትክክለኛው አንድ ላይሆኑ ይችላሉ። አንዱን ዳያል ጌጅ (ጥቃቅን ንቅናቄ የሚለካ ባለ ቀስት መለኪያ) በፑሽ ሮዱ አናት፣ ሌላውን በስፕሪንጉ ቆብ ላይ አድርገው ሞተሩን በእጅ በማዞር ስምንቱንም ሮከሮች ይለኩ፤ ከሌሎቹ የሚለዩትን ወደ ጎን ይተው። ከታጠፈ ላሜራ የተሠሩት ሮከሮች ለውድድር አይመረጡም፤ ከተቀጠቀጠ ብረት የተሠሩትና ቡሽ ያላቸው፣ ቡሻቸው ካለቀ ታድሶ በልኩ የሚስተካከሉት ይመረጣሉ። በሮከሮቹ መካከል ያሉት ስፕሪንጎችም በልክ በተቆረጡ ቱቦዎች ቢተኩ ሮከሩ ወደ ጎን አይንቀሳቀስም፣ ግጭቱም ይቀንሳል።

ደንቡ ከፈቀደልዎ የ1.5 ለ1 ሮከር ማራኪ ነው፤ ያው 8 ሚሊሜትር የካም ንቅናቄ 12 ሚሊሜትር የቫልቭ መከፈት ይሰጣል። ዋጋውንም አብረው ያስሉት። ስፕሪንጉ በካሙ ላይ የሚያሳርፈው ጫና በሮከሩ ንጽጽር ስለሚባዛ፣ ከ1.25 ወደ 1.5 መሄድ በዚያው ስፕሪንግ እንኳ የካሙን ጫና በ20 በመቶ ይጨምራል፤ ስፕሪንጉ አብዝቶ ስለሚታመቅም ጭማሪው ከዚያ ይበልጣል። ስለዚህ እንዲህ ያለውን ሮከር ከ649 ጋር ማጣመር ተገቢ አይመስለኝም፤ ለስላሳ ካምሻፍት ካለው ሞተር ጋር ግን ጥሩ ውጤት ይሰጣል።

ቀጥሎ የሚመጣው የሮከሩ አቀማመጥ ነው፤ እዚህ ላይ ሁለት ጉዳዮች ስለሚምታቱ ለይቶ ማየት ይጠቅማል። የመጀመሪያው የፑሽ ሮዱ ርዝመት ነው። የመጭመቂያ ንጽጽሩን ለመጨመር ቴስታታው ሲታጨድ (የታችኛው ፊቱ በማሽን ሲላግ) የሮከሩ ዘንግና ቫልቮቹ አብረው ወደ ካምሻፍቱ ይቀርባሉ፤ በመሆኑም 1 ሚሊሜትር ከታጨደ ፑሽ ሮዱ በ1 ሚሊሜትር የረዘመ ያህል ይሆናል። ይህን በሮከሩ ማስተካከያ ብሎን ብቻ ለማካካስ ብሎኑን ወደ ላይ አብዝቶ ማውጣት የፑሽ ሮዱ ጽዋ ከሮከሩ አካል ጋር እንዲጋጭ ያደርጋል፤ መፍትሔው ትክክለኛውን ልክ በሚስተካከል መለኪያ ፑሽ ሮድ አግኝቶ አጠር ያሉ ፑሽ ሮዶችን ማሠራት ነው። ሁለተኛው ጉዳይ የሮከሩ ዘንግ ከቫልቩ ጫፍ አንጻር ያለው ከፍታ ነው። ይህ ከቴስታታው መታጨድ ጋር ግንኙነት የለውም፤ የሚለወጠው የቫልቩ መቀመጫ ሲቆረጥና የቫልቩ ጫፍ ወደ ላይ ሲወጣ፣ ወይም የቫልቩ መከፈት ሲጨምር ነው። ቫልቩ ግማሽ መንገድ ሲከፈት ከሮከሩ ዘንግ መሃል እስከ ቫልቩ ጫፍ መነካኪያ ድረስ የሚታሰበው መስመር ከቫልቩ ግንድ ጋር 90 ዲግሪ መሥራት አለበት። ለመፈተሽ የቫልቩን ጫፍ በማርከር ቀለም ቀብተው ሞተሩን በእጅ ያዙሩ፤ የሚቀረው የፍቅፋቂ ምልክት ጠባብና መሃል ላይ የተቀመጠ ከሆነ አቀማመጡ ትክክል ነው፤ ሰፊ ከሆነ ወይም ወደ አንድ ጠርዝ ካዘነበለ በዘንጉ ድጋፎች ሥር ቀጭን ሽም (ከፍታ ማስተካከያ ላሜራ) በማስገባት ወይም ድጋፎቹን በማሳነስ ያስተካክሉ። ለሮከሮቹ ዘይት የሚወጣው በፊተኛው ድጋፍ በኩል ስለሆነ ከሥሩ የሚገባው ሽም የዘይት ቀዳዳ እንዲኖረው ያድርጉ፤ ቀዳዳው ቢዘነጋ ዘንጉ ደርቆ ይቃጠላል።

ቫልቭ፣ ጋይድና መቀመጫ

የ1275 ኩፐር ኤስ የመግቢያ ቫልቭ 35.6 ሚሊሜትር፣ የጭስ ማውጫው 30.8 ሚሊሜትር ስፋት አለው። በሁለቱ መካከል የሚቀረው የብረት ድልድይ ጠባብ በመሆኑ እነዚህ ቴስታታዎች በዚያ ቦታ በመሰንጠቅ ይታወቃሉ፤ ያገለገለ ቴስታታ ሲገዙ ቀለም ገብቶ የስንጥቅ ምርመራ ሳይደረግለት ገንዘብ አይክፈሉ። ደንቡ የማያስገድድ ከሆነ 29.2 ሚሊሜትር የጭስ ማውጫ ቫልቭ መምረጥ ለድልድዩ ዕድሜ ይሰጠዋል፣ የሚያሳጣው ኃይልም እዚህ ግባ የሚባል አይደለም።

የመግቢያው ቫልቭ ከአይዝጌ ብረት፣ የጭስ ማውጫው 21-4ኤን ከተባለው ሙቀት የሚቋቋም ብረት ቢሆን ለአብዛኛው ውድድር ይበቃል። ናይሞኒክ የሚባለው የኒኬል ቅይጥ ከዚህም የበለጠ ሙቀት ይችላል፤ ዋጋው ግን ከፍ ያለ ነው። ቫልቮቹን ከነቆባቸው በሚዛን ላይ ያነጻጽሩ፤ ከቫልቩ በኩል የሚቀነስ እያንዳንዱ ግራም ስፕሪንጉን ለማለዘብ ይረዳል። የቫልቩ ግንድ ከጋይዱ (ግንዱ ከሚንሸራተትበት ቱቦ) ጋር የሚኖረው ክፍተት ለመግቢያው ከ0.04 እስከ 0.06፣ ለጭስ ማውጫው ከ0.05 እስከ 0.08 ሚሊሜትር ይሁን። የነሐስ ጋይድ ሙቀትን በተሻለ ስለሚያስተላልፍ ለጭስ ማውጫው እመርጠዋለሁ። መቀመጫው በ45 ዲግሪ ይቆረጥ፤ ስፋቱም ለመግቢያው 1.2፣ ለጭስ ማውጫው 1.5 ሚሊሜትር አካባቢ ይሁን። ከዚህ ቢጠብ ሙቀት ማስተላለፊያ ስለሚያንሰው የጭስ ማውጫው ቫልቭ ይቃጠላል።

የሙከራ ገጠማ

አሁን ሞተሩ ለመለካት ብቻ ይገጠማል። ለስላሳ የመለኪያ ስፕሪንጎችን ያስገቡ፤ የቴስታታው ጓርኒሲዮንም ከዚህ ቀደም የታመቀና ውፍረቱ የታወቀ ይሁን።

መጀመሪያ የካምሻፍቱን ጊዜ ያስተካክሉ። ባለ ዲግሪ ዲስክ በክራንክሻፍቱ ጫፍ ላይ ያሥሩ፣ የአንደኛውን ፒስተን የላይኛ ጫፍ በዳያል ጌጅ በትክክል ያግኙ። ቀጥሎ የአንደኛው ሲሊንደር የመግቢያ ቫልቭ ሙሉ በሙሉ ከመከፈቱ በፊትና በኋላ በእኩል የቫልቭ ከፍታ ላይ ያሉትን ሁለት ዲግሪዎች ይመዝግቡ፤ የሁለቱ አማካይ ሙሉ የመከፈቻው ነጥብ ነው። ለምሳሌ 66 እና 146 ካነበቡ አማካዩ 106 ዲግሪ ነው። ከካምሻፍቱ ጋር ከመጣው ካርድ የሚለይ ከሆነ ልዩነቱን በተዛነፈ የጥርስ ቁልፍ ወይም በሚስተካከል ጥርስ ያርሙ፤ በካምሻፍቱ ላይ የሚደረግ 1 ዲግሪ በክራንክሻፍቱ ላይ 2 ዲግሪ መሆኑን ያስታውሱ።

ከዚያ ቫልቭ የሚጋጭባቸውን ቦታዎች ሁሉ ይለኩ። በዚህ ሞተር ከፒስተኑ ይልቅ ብሎኩ ያሰጋል፤ ቫልቮቹ ከሲሊንደሩ ጠርዝ ወጣ ስለሚሉ በተለይ የጭስ ማውጫው ቫልቭ በሙሉ መከፈቻው ላይ የብሎኩን ፊት ሊመታ ይችላል። የ1275 ብሎክ ለዚህ የተቆረጡ ጎድጓዳዎች አሉት፤ የትልቁን ሞተር ቴስታታ በ998 ብሎክ ላይ የሚያስቀምጥ ሰው ግን ራሱ ማስቆረጥ አለበት። ብሎኩ የታጨደ ከሆነ ጎድጓዳውም በዚያው ልክ ጥልቀቱ ቀንሷል። ቫልቩ በሙሉ መከፈቻው ከብሎኩ ቢያንስ 1.5 ሚሊሜትር ይራቅ። ከፒስተኑ ጋር ያለው ክፍተት ደግሞ የሚጠበው የጭስ ማውጫው ከላይኛው ጫፍ 10 ዲግሪ ያህል በፊት፣ የመግቢያው 10 ዲግሪ ያህል በኋላ ሲሆን፣ ለመግቢያው 2፣ ለጭስ ማውጫው 2.5 ሚሊሜትር መተው የተለመደ ነው።

ስፕሪንጉ

እስከዚህ የደረሰ ሰው ከፍተኛውን ዙር፣ የክፍሎቹን ክብደትና ትክክለኛውን የቫልቭ መከፈት ያውቃል፤ ስፕሪንግ አቅራቢውን ሊጠይቀው የሚገባውም እነዚህን ሦስት ቁጥሮች ይዞ ነው። በኩፐር ኤስ እንደነበረው ባለ ሁለት ድርብ ስፕሪንግ ይምረጡ፤ ውስጠኛው ውጫዊውን ከመንቀጥቀጥ ይገታዋል፣ አንዱ ቢሰበርም ቫልቩ ወደ ሲሊንደሩ አይወድቅም። የእያንዳንዱን ስፕሪንግ የተገጠመ ቁመት ይለኩና ስምንቱንም በሽም እኩል ያድርጉ። ቁመቱ 35 ሚሊሜትር፣ መከፈቱ 10፣ ስፕሪንጉ ጥቅልሎቹ ተነካክተው ሙሉ በሙሉ ሲታመቅ 22 ሚሊሜትር ቢሆን የሚቀረው 3 ሚሊሜትር ነው፤ ይህ ቀሪ በምንም ሁኔታ ከ1.5 ሚሊሜትር በታች መውረድ የለበትም። በቆቡ የታችኛው ፊትና በጋይዱ አናት መካከልም ያንኑ ያህል ይጠብቁ።

የመጀመሪያው ማስነሻና የቫልቭ ክፍተት

የካሙን ጉብታዎችና የታፔቶቹን ፊት ለዚሁ በተዘጋጀ ቅባት ይቀቡ፤ ዚንክና ፎስፈረስ በበቂ ያለበት ዘይት ይጠቀሙ። ለማለማመጃው ጊዜ ውስጠኛዎቹን ስፕሪንጎች ማውጣት ይመከራል። ሞተሩ እንደተነሳ ስራ ፈት ዙር ላይ አይተዉት፤ ለ20 ደቂቃ ያህል ከ2,000 እስከ 2,500 ባለው ዙር ውስጥ ከፍ ዝቅ እያደረጉ ያቆዩት። በዝቅተኛ ዙር ወደ ካሙ የሚረጨው ዘይት ትንሽ ነው፤ የስፕሪንጉም ጫና በእንቅስቃሴው ስለማይቃለል በሙሉ ጉልበቱ በጉብታው አናት ላይ ያርፋል። ሞተሩ ወዲያውኑ እንዲነሳ ካርቡራቶሩንና የእሳቱን ጊዜ አስቀድመው ያዘጋጁ፤ ደጋግሞ በማስነሻ ሞተር ማዞር ቅባቱን ይጠርገዋል።

የቫልቭ ክፍተቱ፣ ማለትም ቫልቩ ሲዘጋ በሮከሩና በቫልቩ ጫፍ መካከል የሚቀረው፣ ለመደበኛው ካምሻፍት 0.30፣ ለ649 0.38 ሚሊሜትር ነው። ቫልቮቹን ከፊት ጀምረው ከ1 እስከ 8 ቢቆጥሩ 1፣ 4፣ 5 እና 8 የጭስ ማውጫ፣ ቀሪዎቹ የመግቢያ ናቸው። የሚስተካከለውን ለማግኘት ሙሉ በሙሉ የተከፈተውን ቁጥር ከ9 ይቀንሱ፤ 1 ሲከፈት 8፣ 3 ሲከፈት 6 ይስተካከላል። በፊለር ጌጅ (ክፍተት በሚለካ ስስ ላሜራ) ይለኩ፣ ዳዶውን ካጠበቁ በኋላም ደግመው ያረጋግጡ።

ከእያንዳንዱ ውድድር በኋላ ስምንቱንም ክፍተቶች ከማስተካከልዎ በፊት መዝግቡ። ክፍተቱ የጠበበ ቫልቭ ወደ መቀመጫው እየሰመጠ ወይም ግንዱ እየተለጠጠ ነው፤ በተለይ እርሳስ በሌለው ቤንዚን ያልጠነከረ መቀመጫ ላይ የሚሠራ የጭስ ማውጫ ቫልቭ ይህን ያሳያል። ክፍተቱ እየሰፋ የሚሄድ ከሆነ ደግሞ የሚበላው የሮከሩ ጫፍ፣ ታፔቱ ወይም የካሙ ጉብታ ነው፤ ሮከሩን አውጥተው ዳያል ጌጁን በፑሽ ሮዱ ላይ ያሳርፉ፣ የዚያን ጉብታ ንቅናቄም ከሌሎቹ ጋር ያነጻጽሩ። ንቅናቄው ካነሰ ሞተሩን እንደገና አያስነሱት፤ ካምሻፍቱና ታፔቶቹ ይወጣሉ፣ ብናኙም ወደ ዘይት ፓምፑና ወደ ማርሹ ስለሚሄድ ዘይቱና ፊልትሩ አብረው ይለወጣሉ።